የሚንኳኳው ሠረገላ

ነገሳ ያንን ድምፅ አምስት ቀን ሙሉ ብቻውን ሰማ። በስድስተኛው ቀን መሸከም አቃተው።

ዘመኑ ሺህ ስምንት መቶ ሰባ ሰባት ነው፤ ከተማው ገና እንጦጦ አናት ላይ ነበር። ነገሳ ባለ አራት መንኮራኩር ሠረገላ ይነዳል። ሠረገላውን አንድ ፈረንጅ አናጢ ሠርቶት ወደ አገሩ ከሄደ ሦስት ዓመት ሆኖታል። በሦስት ጥማድ በሬ እየተሳበ ከየካ ጫካ የጽድ ምሰሶ ይጭናል፣ ቀበናን ይሻገራል፣ ከዚያ ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣና እንጦጦ ላይ ለሚታነጽ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳል። ነገሳ ከፊት በሬዎቹን ይመራል። የሚስቱ የሎሚ ወንድም ገረሱ ደግሞ ትልቅ ድንጋይ ታቅፎ ከኋላ ይከተላል፤ በሬዎቹ ሊያርፉ በቆሙ ቁጥር ሠረገላው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ድንጋዩን ከመንኮራኩሩ ሥር ይወሽቃል።

ነገሩ የመጣው ቀበና መሻገሪያው ላይ ነው። ነገሳ ዝናብ ሳይቀድመው ልሻገር ብሎ በሬዎቹን ሲያጣድፍ የኋላው መንኮራኩር ውኃ ውስጥ ከተደበቀ ቋጥኝ ጋር ተላተመ። ገረሱ ገና ማዶ ነበርና አላየም። በማግስቱ ከሠረገላው ሆድ ድምፅ ይወጣ ጀመር። ቋ ይላል፤ ዝም ይላል፤ ደግሞ ቋ ይላል። ነገሳ የኋላዎቹን መንኮራኩሮች የሚያያይዘው የወይራ ዘንግ ተሰነጠቀ ብሎ ደመደመ። ዘንጉ ዳገት ላይ ከተሰበረ ያ ሁሉ ምሰሶ የሚናደው ገረሱ ላይ ነው። ይህን እያወቀ ዝም አለ። ነገ እናገራለሁ ብሎ ያድርና ሲነጋ ምላሱ ይተሳሰራል። የቤተ ክርስቲያን ሠረገላ የሰበረ ተብሎ መጠራቱን ፈርቶ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ገረሱ ድንጋዩን እንደ ሕፃን አቅፎ እሹሩሩ እያለ ጫኞቹን ያስቃቸዋል። ነገሳ አየውና ጅራፉን ጥሎ ሥራውን ወደሚያሠሩት ወደ አለቃ ወልደ ሐዋርያት ሄደ። አለቃ አጎንብሰው ግንድ በገመድ ይለካሉ። ነገሳ ቆሞ አንዱንም ሳያስቀር ተናገረ፤ ቋጥኙን፣ ድምፁን፣ አምስቱን ቀን። ሲጨርስ ደረቱ ላይ ተጭኖት የነበረው ነገር ተነሣለት። ይግረፉኝም ያባርሩኝም፣ ዛሬ ገረሱ ከዚያ ምሰሶ ኋላ አይሄድም ብሎ አሰበ።

አለቃ ገመዱን ቀስ ብለው ጠቀለሉ።

«አምስት ቀን ዝም ያልከውን ለንስሐ አባትህ ንገር» አሉት። «አሁን በሬዎቹን ፍታና ባለእጁን ጥራልኝ።»

ባለእጁ ዱጋሳ ይባላል፤ ከየካ ግርጌ ብረት የሚቀጠቅጥ ሽማግሌ ነው። ሰው ማረሻ ሊያሠራ ካልሆነ ደጁን አይረግጥም። ነገሳም አንድ ቀን ጎራ ብሎ ደኅና ዋልክ ብሎት አያውቅምና አፍሮ ነው የጠራው። ዱጋሳ መዶሻውን ይዞ መጣ፤ መጥቶም ሠረገላውን ሳይነካ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠይቅ ጀመር። ድምፁ ሜዳ ላይ ነው ዳገት ላይ? ሲጫን ብቻ ነው ባዶውንም?

«ባዶውንም ይላል፣ አያ ዱጋሳ። ይልቁንም በሬዎቹ ሲነሡ፣ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ቀንበሩ ሲላላ።»

ዱጋሳ ራሱን ነቀነቀ። ከኋላው መንኮራኩር ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረና ሠረገላው ባዶውን ሜዳው ላይ እንዲነዳ አደረገ። ጥፋቱ የመንኮራኩሩ ከሆነ ጨርቁ ወደ ላይ በመጣ ቁጥር ይንኳኳል፤ ካልሆነ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን አለ። ነገሳ ዓይኑን ከጨርቁ ሳይነቅል አብሮ ተራመደ። ጨርቁ አሥር ጊዜ ዞረ። ድምፁ የተሰማው አንዴ ብቻ፣ ያውም በሬዎቹ ሲነሡ ነበር።

ቀጥሎ አራቱም መንኮራኩሮች ሥር ድንጋይ አስወሽቆ በሬዎቹ አንድ እርምጃ ብቻ እንዲስቡ አዘዘ። መንኮራኩሮቹ ንቅንቅ አላሉም። ድምፁ ግን ቋ አለ።

ዱጋሳ ሠረገላው ሥር ተንፏቆ ገባና የወይራውን ዘንግ ከዳር እስከ ዳር በመዶሻው መታ መታ አደረገው። እንጨቱ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። የተሰነጠቀ እንጨት እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ ነው፣ ያንቋርራል፤ ይህ ደኅና ነው አለ ከሥር ሆኖ። ነገሳ መሬት ላይ ተቀመጠ። እንባው መጣና ፊቱን ወደ በሬዎቹ አዞረ።

ጥፋቱ የተገኘው ከፊት ነው። በሬዎቹ የሚስቡት ረጅም ሞፈር ከሠረገላው ጋር የሚያያዘው በአንድ የብረት ችንካር ሲሆን፣ ችንካሩ የገባበት ቀዳዳ ተበልቶ ከመስፋቱ የተነሣ የዱጋሳን አውራ ጣት ያስገባል። በሬዎቹ ሲስቡና ሲለቁ ችንካሩ ወዲያና ወዲህ እየተላጋ ነው የሚንኳኳው።

«ቋጥኙስ?» አለ ነገሳ።

«ቋጥኙ የመንኮራኩሩን ብረት ጫረው እንጂ ሌላ አላደረገም። ይህ ቀዳዳ የሦስት ዓመት ሥራ ነው። የዚያን ቀን ደንግጠህ ጆሮህን ስለጣልክ ሰማኸው፤ ድሮም ይጮህ ነበር።»

ዱጋሳ ወፍራም ችንካር ቀጠቀጠ፣ መጋጠሚያውንም በእርጥብ ጠፍር ጠፍሮ አሰረው። ጠፍሩ ፀሐይ ላይ ውሎ ደርቆ ሲኮማተር ሞፈሩ ከሠረገላው ጋር የተሰፋ መሰለ። ነገሳ ዱጋሳን ቤቱ ወስዶ አበላው። ሎሚ ጠላ እየቀዳች ሽማግሌው ስለ ብረት የሚያወራውን ሰማች። ጎረቤት አየ፤ ነገሳ ግድ አልሰጠውም።

ለገረሱ መንገሩ ግን ከሁሉ ከበደው። ገረሱ እስከ መጨረሻው አዳመጠ፤ አልሳቀም።

«እኔን ከኋላ አስከትለህ አምስት ቀን?» አለ።

«አምስት ቀን።»

ገረሱ ድንጋዩን አንሥቶ ነገሳ እቅፍ ውስጥ አስቀመጠና «እስከ ክረምት አንተ ከኋላ ትሄዳለህ» ብሎ ጅራፉን ተቀበለው።

በማግስቱ ሙሉ ጭነት ይዘው ቀበናን ተሻገሩ። ድንጋዩ ከባድ ነበር፤ የነገሳ ክንድ ዛለ፣ አቧራ ጠጣ፣ ዳገቱ መሐል ላይ ላቡ ዓይኑን አቃጠለው። ሠረገላው ከፊቱ ሲጥጥ እያለ ይወጣል፤ ቋ የሚል ነገር የለም። ገረሱ ወደ ኋላ ዞሮ ደኅና ነህ ወይ አለው። ነገሳም ደኅና ነኝ አለ፤ እውነቱንም ነበር።