ጆሮ ያልሰማው ሞተር

ጋራዡ ውስጥ የመዝገብ ስሙን የሚያስታውስ ሰው የለም፤ ሁሉም «ጋሽ ጆሮ» ነው የሚሉት። ማዕረጉን በከንቱ አላገኘውም። መኪናው ከበር ሳይገባ፣ ኮፈኑ ሳይከፈት፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አንገቱን ዘንበል ያደርግና «ቫልቩ ነው» ይላል። ሲፈታም ቫልቩ ሆኖ ይገኛል። ሩቅ ያሉ ደንበኞች ደግሞ የሞተራቸውን ድምፅ በስልክ ቀድተው ይልኩለታል። እሱም ስልኩን የሥራ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ ሠራተኛውንም ደንበኛውንም ዙሪያውን ሰብስቦ ፍርዱን ይሰጣል። ከፍርዱ በኋላ የማትቀር አንዲት ጥያቄ አለችው፤ «ድምፁን ከሰማህ ስንት ጊዜህ ነው?» ሰውየው ሳምንት ቢልም ወር ቢልም የሚከተለው ያው ነው። «ታዲያ እስካሁን የት ነበርክ?» ይለዋል። ደንበኛውም ልጁን ሳያሳክም እንደቀረ አባት አንገቱን ይደፋል።

ይህን ሁሉ ጆሮ የታደለው ሰው ታዲያ አንድ ድምፅ ብቻ ሰምቶ አያውቅም። የራሱን ማንኮራፋት።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ማታ ሲያንኮራፋ ስታዳምጥ ታድርና ቀን በስፌት ማሽኑ ላይ ታንጎላጃለች። ባለፈው ሰሞን የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ እጅጌ ከወገቡ ጋር ሰፍታ ልትሰጥ ለጥቂት ተርፋለች፤ ጣቷንም መርፌው ሁለቴ ወግቷታል። ነገሩን ያላነሳችበት ጊዜ የለም። እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

«እኔ?» ይላል፤ «እኔ እኮ ስተኛ ትንፋሼም አይሰማ!»

«እሱማ ነው የሚያስፈራኝ» ትላለች። ምን ለማለት እንደፈለገች ግን ጠይቋት አያውቅም። የሚሰማው ድምፅ የጎረቤት የውሃ ፓምፕ ነው፣ ጣራው ላይ የሚመላለሱ ድመቶች ናቸው፣ ካልሆነም ያንቺ ሕልም ነው ብሎ ቢራውን ይከፍታል።

ያልሞከረችው ነገር የለም። ጎረቤቶች ማር አብዪው አሏት፣ አበላችው። አፍንጫው ውስጥ ዘይት ጠብ አድርጊበት አሏት፣ አደረገች፤ ሌሊቱን ሙሉ በዘይት የታሸ ማንኮራፋት ስትሰማ አደረች። አንዷ ደንበኛዋ በጀርባው እንዳይተኛ የቢጃማው ጀርባ ላይ ኳስ ስፊበት ብትላት፣ በሙያዋ ነውና ኪስ አበጅታ የቴኒስ ኳስ ሰፋችበት። ጋሽ ጆሮ ኳሱ ላይ ተጋድሞ ደህና አድርጎ አንኮራፋ። ጠዋት ወገቡን ይዞ ተነሣና ጥፋቱን ፍራሹ ላይ ደፍቶ አዲስ ፍራሽ ገዛ። ወንድ ልጅ አንዴ አላንኮራፋም ካለ ቤቱን በሙሉ ይቀይራል እንጂ ቃሉን አይቀይርም።

ድምፁ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሴትዮዋ ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ ወትፋ ትተኛ ነበር። የሚያስጨንቃት ድምፁ ሲጠፋ ነው። ሲያጓራ፣ ሲያጓራ ይቆይና ድንገት እልም ይላል። ደረቱ ይነሣል፤ አየር ግን አይገባም። እሷም በክርኗ ተደግፋ፣ የራሷን ትንፋሽ ይዛ ትጠብቃለች። ከዚያ እየሰመጠ እንደወጣ ሰው ያጣጥርና ይመለሳል። ታላቅ እህቷ «ክፍል ባዶ አለኝ፣ ጥለሽው ነይና እንቅልፍሽን ተኚ» ብላታለች። አንድ ቀን ልብሷን ሸክፋ እስከ በሩ ደርሳም ነበር። ግን እሷ ከሄደች ማን ይቀሰቅሰዋል? ሻንጣውን መልሳ አልጋው ሥር ከተተችው፤ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ያሰራትን ዕድሏንም ረገመች።

በመጨረሻ ለታናሽ ወንድሟ ነገረችው። ወንድምዬው የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ቀልድ ካገኘ መሪውንም ይለቃል። «እታለም፣ እስቲ ቅጂና ላኪልኝ» አላት። በማግስቱ የሌሊቱን ጉድ ቀድታ ላከችለት። እሱ መጀመሪያውን ሰምቶ ሳቁ ስለቀደመው እስከ መጨረሻው አላዳመጠም። ወዲያው ለአማቹ አስተላለፈና ከሥሩ «የጓደኛዬ ጄኔሬተር ነው፤ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ጻፈበት።

እሷ ምሳ ይዛ ጋራዡ በር ላይ ስትደርስ ጉባኤው ተሰብስቦ ነበር። ጎሚስታው ጎማ ላይ ተቀምጧል፣ ቀጥቃጩ መዶሻውን ትከሻው ላይ አጋድሟል፣ ሁለት የታክሲ ሹፌሮችም ተራቸውን ይጠብቃሉ። ጠረጴዛው ላይ ካለው ስልክ የሚወጣውን ድምፅ ስትሰማ ክው አለች። ስልኩ የሰው ድምፅ ቆርቆሮ የሚያስመስል ዓይነት ቢሆንም፣ ይህን ድምፅ በስንት ሌሊት አጥንታዋለች። በመጨረሻው ላይ የራሷም ድምፅ እንዳለበት ትዝ ሲላት ፊቷ ጋለ። ሮጣ ስልኩን ልትነጥቀው አንድ እግሯን አነሣች።

«ዝም በሉ!» አለ ጋሽ ጆሮ፤ አንገቱን ዘንበል አድርጓል። «የቆየ የናፍጣ ሞተር ነው። ይሰማችኋል ሲስብ? የአየር ማስገቢያው ጎማ ላልቷል። ሞተሩ አየር በሳበ ቁጥር ጎማው ወደ ውስጥ ይጣበቃል። የሚንጫጫው እሱ ነው።»

ሴትዮዋ ያነሣችውን እግር መልሳ አስቀመጠች። ይቀጥል እስቲ፣ አለች በሆዷ።

«ጭነትም በዝቶበታል» ቀጠለ፤ የራሱ ሆድ ጠረጴዛው ላይ ዐርፏል። «ከአቅሙ በላይ ነው የሚያሠሩት። ደግሞ ማታ ማታ የሚቀዱበት ነገር ንጹሕ አይደለም፣ ያፍነዋል። ጭሱንም ስሙት፣ ውስጡ በጥላሸት ተደፍኗል።» ይህን ሲል ሲጋራውን ከአንዱ የአፉ ጥግ ወደ ሌላው አዛወረ። «አቀማመጡም ልክ አይደለም። በጎኑ ዘንበል ቢያደርጉት ኖሮ ግማሹ ድምፅ ይጠፋ ነበር። ይሄንን እኮ ማንም ያውቀዋል!»

ልብስ ሰፊዋ በመዳፏ አፏን ያዘች። ኳሱ፣ ቢራው፣ ሲጋራው፣ ሆዱ፤ ስትነግረው የኖረችውን ሁሉ አንድም ሳያጎድል በገዛ አፉ ዘረገፈው።

በዚያው ቅጽበት ድምፁ ተቋረጠ።

«ቆረጠ» አለ ጋሽ ጆሮ፣ ጣቱን አንሥቶ። ሁሉም ጠበቀ። ጸጥታው ረዘመ። አንደኛው ባለታክሲ «አለቀለት» ብሎ ሊስቅ ሲል ጋሽ ጆሮ ተቆጣው። «ይሄ አያስቅም! እንዲህ እየቆረጠ የሚነሣ ሞተር አንድ ቀን ይቆምና አይነሣም። ምን ዓይነት ጨካኝ ነው ይሄን እየሰማ ዝም የሚል...»

ከስልኩ ውስጥ የሴት ድምፅ ወጣ።

«ተንፍስ! ስማኝ፣ ተንፍስ እንጂ! በእናትህ... እባክህ እንዳትሞትብኝ!»

አልጋ ሲንገጫገጭ ተሰማ፤ ቀጥሎም ከጉድጓድ የወጣ የሚመስል ረጅም ማጓራት፣ ከማጓራቱ ሥር ደግሞ አፍኖ የያዙት ልቅሶ። ቀረጻው እዚያ ላይ አበቃ።

ጎሚስታው ከት ብሎ ሊስቅ አፉን ከፈተና በእጁ ከደነው። ቀጥቃጩ «እትዬ፣ ግቡ እንጂ» አለ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። ያን ጊዜ ነው ጋሽ ጆሮ በሩ ላይ የቆመችውን ሚስቱን ያያት። ፊቱ ዐመድ መሰለ። ስልኩን አነሣ፤ መጨረሻውን መልሶ ከፈተና አሁን ለጉባኤ ሳይሆን ለብቻው ጆሮው ላይ ለጠፈው። ጸጥታውን አዳመጠ። ቀጥሎ የሚመጣውን ድምፅ አዳመጠ። አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ ይህቺ ሴት ስትለምነው ሰምቶ አያውቅም፤ ስትቆጣው እንጂ።

«ሁልጊዜ ነው የሚቆርጠው?» አላት።

«ሌሊቱን ሙሉ።»

«ታዲያ እስካሁን የት...» ብሎ ጀመረ፤ አፉ ለምዶበታል። ግን አልጨረሰውም። ሲጋራውን መሬት ላይ ጥሎ በጫማው አጠፋው፤ እጁንም ሳይታጠብ ተከትሏት ወጣ። ምሳው በሩ ሥር እንደተቋጠረ ቀረ።

በክሊኒኩ ሐኪሟ ልጃቸው ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። ጉሮሮውን በባትሪ አየች፣ አንገቱን በሜትር ለካች፣ ሚዛን ላይ አቆመችው። ጋሽ ጆሮ ጥቂት ነፍስ ሲዘራ «ዶክተር፣ የአየር ማስገቢያው ጎማ ነው አይደል?» አላት፤ ዛሬም ከመፍረድ አልቦዘነም። ሐኪሟ ሳቅ አለችና፣ ሲተኙ የጉሮሮ ሥጋ ይላላል፣ መንገዱን ይዘጋል፣ ስለዚህ ነገርዎ ከእውነት አይርቅም አለችው። ማታ መጠጥ ይቅር፣ ሲጋራ ይቅር፣ ሰውነት ይቀነስ፣ በጎን ይተኛ። ከዚያ በፊት ግን ሌሊት ሲተኛ መመርመር አለበት፤ ምናልባትም ፊት ላይ ታስሮ አየር የሚገፋ ማሽን ያስፈልገው ይሆናል። ማሽን የሚለውን ሲሰማ ዓይኑ በራ፤ ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው።

«ትንፋሽ እያቆመ መተኛት ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው?» ሐኪሟ ጠየቀች።

«ዓመታት» አለች ሚስቱ።

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። «አባቴ፣ ታዲያ እስካሁን የት ነበሩ?»

ሚስቱ ለዚህ ጥያቄ ስንት ሌሊት ሙሉ ስትስል ያደረችው መልስ ነበራት፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ዞር ብላ አየችው። የሰው ሁሉ ፈራጅ የነበረው ሰውዬ ግራሶ የበላውን መዳፉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ደንበኞቹ አንገቱን ደፍቷል። እጁን ወደ እሷ እጅ አስጠግቶ፣ መርፌ የወጋውን ጣቷን ያዘው።

«ተኝቼ ነበር» አለ።