አሸንፎ ያልከፈለው ሰውዬ

ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር በስተርጅናው ከገዛ ልጁ ጋር በኢንተርኔት ጨረታ ተገበያየ ቢባል ማን ያምናል? ሆኗል ግን። ሰውዬው ተጫረተ፣ አሸነፈም። ጉዱ የመጣው ካሸነፈ በኋላ ነው።

ልጅቱ የምትተዳደረው ያገለገሉ ዕቃዎችን በጨረታ እየሸጠች ነው። የቆመ የግድግዳ ሰዓት፣ ድምፁ የሚንኮሻኮሽ ራዲዮ፣ ሰንሰለቱ የዛገ ብስክሌት፣ ብቻ ሰው የጣለውን ሁሉ ከዚህም ከዚያም ትለቃቅማለች። ከዚያ አጥባ፣ ወልውላ፣ በደህና ብርሃን ፎቶ አንስታ ትለጥፈዋለች። ቤቷ ሁለት ክፍል ነው፤ አንደኛው የዕቃ ማከማቻዋ ነበር። እናቷ ስትሞት ግን አባቴን ብቻውን አልተውም ብላ ያንን ክፍል አስለቀቀችና አስገባችው። ዕቃው በሙሉ ኮሪደሩ ላይ ተደረደረ፤ መታጠቢያ ቤት ለመሄድ እንኳ በጎን መተላለፍ ግድ ሆነ። ሾፌሩ በዚያ ባለፈ ቁጥር ይሳቀቃል። ዕድሜውን ሙሉ መንገድ ዘግቶ የቆመ መኪና ሲያይ ደሙ ሲፈላ የኖረ ሰው፣ አሁን በልጁ ቤት መንገድ የዘጋው እሱ ሆኖ ተሰማው።

አብሮት የመጣ አንድ ነገር ነበር፤ የሚስቱ ወንበር። ሚስቱ ጸጉር ሠሪ ነበረች፤ የምትሠራውም ድሮ በሚኖሩበት ቤት ፊት ለፊት ባለችው ክፍል ውስጥ ነው። ወንበሩ ፔዳሉን ሲረግጡት ከፍ የሚል፣ ቀይ ሌዘር የለበሰ፣ እግሩ ከባድ ብረት የሆነ ነው። ማታ ማታ የመጨረሻዋ ደንበኛ ስትወጣ ሾፌሩ የሥራ ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ እዚያ ላይ ዘፍ ይላል። እሷ ፔዳሉን እየረገጠች ከፍ ታደርገውና "በል እሺ፣ ዛሬ ደግሞ ማን አናደደህ?" ትለዋለች። እሱም ያለ ትኬት የተሳፈረውን፣ በመልስ የተከራከረውን፣ በር ላይ ቆሞ አልገባም ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ይዘረግፍላታል። በመጨረሻዎቹ ወራት ጋደም ማለት ትንፋሽ እያሳጣት ሲያስቸግራት ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ማደር ጀመረች፤ ፔዳሉን መርገጥም የሱ ተራ ሆነ። አንድ ቀን ከፍ ሲያደርጋት "ቀስ በል ሾፌር፣ ሰው ጭነሃል" አለችው። ሳል እስኪነሳባት ድረስ ሳቁ፤ ከዚያ ወዲያ ሲስቁ ትዝ አይለውም።

በልጁ ቤት ወንበሩ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አንሶላ ለብሶ ቆመ። ልጅቱ ካለች ሾፌሩ ወደዚያ አያይም። ካየ እንባው ይመጣል፣ ለሷ ደግሞ የራሷ ኀዘን ይበቃታል ብሎ ነው። ስትወጣ ግን አንሶላውን ገለጥ አድርጎ ቁጭ ይልበታል። የበሩ ቁልፍ ሲንቋቋ ከች ብላ እንዳታየው ብድግ ብሎ መልሶ ያለብሰዋል።

አንድ ቀን ጠዋት ልጅቱ ሳህን እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ የእማዬን ወንበር ብሸጠው ቅር ይልሃል ወይ ብላ ጠየቀችው። ኧረ እንደወደድሽ፣ እሱም ቦታ ይዞብሻል አላት። እሷም ይሄንኑ መልስ ስትጠብቅ የቆየች ይመስል ራሷን ነቅነቅ አደረገች። በቃ፣ አለቀ። አንድ ቃል ቢተነፍስ ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ። ግን ልጅ ቤት ተጠግቶ፣ የልጅን ክፍል ቀምቶ፣ ደግሞ ወንበሬን አትንኩብኝ ማለት ለሱ ዓይን ያወጣ ድፍረት ነበር። አንዳንድ ሰው ይሉኝታው ነው የሚገድለው፤ እሱም ከነሱ አንዱ ነው።

ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ አንድ ዘዴ መጣለት። ወንበሩን እንደ ማንም ሰው በጨረታ ይገዛዋል። ድሮ መካኒክ የነበረው፣ አሁን የአውቶቡሶቹን ጋራዥ የሚጠብቀው ጓደኛው የጥበቃ ቤት ውስጥ ቦታ አለው። ይሄ ጓደኛው በሁሉም ነገር ላይ "ቀስ" ስለሚል ሾፌሮቹ ፍሬን ብለው ነው የሚጠሩት። ወንበሩ እዚያ ይቀመጣል፣ ሾፌሩም ሲያሰኘው እየሄደ ይቀመጥበታል። ጡረታው እንደ ገባ ለቤት ወጪ ለልጁ ስለሚሰጣት እሱን አይነካውም፤ ግን የሾፌሮች ማኅበር ሊመልስለት ቃል የገባለት የቁጠባ ገንዘብ አለ። ልጅቱ በሥራዋ እንዲያግዛት ብላ ጨረታውን በስልክ መከታተል አስተምራዋለች። ስለዚህ በራሱ ስልክ ተመዘገበና ስሙን "መንገደኛ" አለ። ትክክለኛ ስምና ቁጥር ለሻጭ የሚታየው ከተከፈለ በኋላ ነው።

ጨረታው የሚዘጋበት ከሰዓት በኋላ እሱ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ልጅቱ ከግድግዳው ማዶ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል። አንዲት የራሷን ቤት ልትከፍት ያሰበች ጸጉር ሠሪ ወንበሩን ወዳዋለች፤ እሱ ሲጨምር ትጨምራለች። ዋጋው ባደገ ቁጥር ልጅቱ በግድግዳው በኩል "አባዬ፣ ጨመረ!" ትለዋለች። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ያለ ድምፅ ከአፏ ሰምቶ አያውቅም። እዚህ ላይ ነው ሰውዬው የሳተው። ያን ድምፅ እንደገና ለመስማት ሲል ደጋግሞ ይጨምራል። ገንዘቡም ቢሆን የሚገባው ለሷው አይደል? ማኅበሩ ከሚሰጠው አለፈ፤ ጨመረ። በሕልሙም ይዞት ከማያውቀው አለፈ፤ አሁንም ጨመረ። ዋጋ ሲያስወድድ የነበረው በገዛ ራሱ ላይ መሆኑን ጭራሽ ረስቶታል።

ጸጉር ሠሪዋ ተወችለት። ልጅቱ እየሮጠች መጥታ ግንባሩን ሳመችው። በዚህ ገንዘብ ገበያው አጠገብ ትንሽ መጋዘን እከራያለሁ፣ ኮሪደሩም ይለቀቃል፣ እኛም እንደ ሰው እንኖራለን አለችው። በማግስቱም ሄዳ ለመጋዘኑ ባለቤት ቀብድ ሰጠች።

ሾፌሩ ወደ ማኅበሩ ገሰገሰ። ጸሐፊዋ ክፍያው ለሚቀጥለው ወር መተላለፉን፣ የሚቀጥለው ወርም እርግጠኛ እንዳልሆነ ነገረችው። ከዚያ ጋራዡ ሄዶ ለፍሬን የሆነውን ሁሉ አወራለት። ፍሬን ሰምቶ ሲጨርስ ከት ብሎ ሊስቅ ነበር፤ የጓደኛውን ፊት አየና ተወው።

"ሂድና ንገራት" አለው። "ልጅህ ናት እኮ፣ ትራፊክ አይደለችም።"

ነገ እነግራታለሁ አለ ሾፌሩ። ፍሬን ኪሱን ገልብጦ ያለውን ሰጠው፤ ግማሹን እንኳ አይሞላም።

ለልጅቱ አሸንፎ የማይከፍል ሰው አዲስ አይደለም። እንዲህ ያለውን የምትይዝበት የራሷ ሥርዓት አላት። መጀመሪያ በማር የተለወሰ መልእክት ትልካለች፤ ምናልባት ረስተውት እንደሆነ ላስታውስዎ ብዬ ነው የሚል። ቀጥሎ ጠንከር ትላለች። በመጨረሻ ጨረታውን ለሚያካሂደው ድርጅት ከሳ ታሳግደዋለች። መንገደኛ ለመጀመሪያው "ትንሽ ቀን ይስጡኝ፣ እከፍላለሁ" ብሎ መለሰ። እሷ ደግሞ ይሄንን ራት ላይ፣ ድምፅዋን እንደ ሽማግሌ እያንቀጠቀጠች ለአባቷ አነበበችለት።

ሾፌሩ ቸግሮት ይሆናል አላት። የቸገረው ሰው ይጫረታል እንዴ፣ አንተ ደግሞ ለሌባውም ታዝናለህ አለችው። ሳህኑ ላይ የቀረውን ጨምራለት በደንብ ብላ፣ ከስተሃል ብላ ተቆጣችው። ዓይኑ ሳህኑ ላይ ቀረ።

እንዲህ ከረመ። ጠዋት እነግራታለሁ ይልና ልጅቱ ወይ ከገዢ ጋር፣ ወይ ከመጋዘኑ ባለቤት ጋር በስልክ ስትጨቃጨቅ ያገኛታል። ማታ እነግራታለሁ ይልና ደክሟት ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጥሏት ያገኛታል። እውነቱን ለመናገር፣ ባትተኛም አይነግራትም ነበር። ፈርቶ ነው። ሞተር ፈርቶ የማያውቅ ሰው የልጁን ፊት ፈራ።

አንድ ቀን ከክፍሉ ሆኖ ጥፍሯ የስልኩን መስታወት ቀጭ ቀጭ ሲያደርግ ሰማ። ቀጭ ቀጩ ቆመ፤ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ተንቀጠቀጠ። አውጥቶ አነበበ።

"ኪስዎ ባዶ ከሆነ ጣትዎን ያሳርፉ። ይሄ ወንበር የእናቴ ነው፣ መጫወቻ አይደለም። ትንሽ አያሳፍርዎትም?"

ሾፌሩ መልእክቱን ደጋግሞ አየው። ከዚያ በአንድ ጣቱ፣ ፊደል በፊደል እየፈለገ፣ "ያሳፍራል። ይቅርታ ያድርጉልኝ" ብሎ ጻፈላት። ከግድግዳው ማዶ ልጅቱ ለራሷ "ይቅርታው ይበላል?" ስትል ሰማት፤ በዚያው ቀን መንገደኛ ታገደ።

ነገሩ ከዚያ ወዲያ ቁልቁል ሄደ። ሁለተኛ የወጣችውን ጸጉር ሠሪ ብትጠይቃት፣ እሷ ሌላ ወንበር ገዝታ ሥራ ጀምራለች። እንደገና ጨረታ ብታወጣው፣ ተሸጦ የተመለሰ ዕቃ አንድ ችግር አያጣም ብሎ ሁሉም ሸሸው። የመጋዘኑ ባለቤት ቀሪውን ስታጓትትበት ቦታውን ለሌላ ሰጠ፤ ቀብዱንም በላው። ልጅቱ አንጀቷ አረረ። በመጨረሻ ከዓይኔ ይጥፋልኝ ብላ ብረታ ብረት የሚለቃቅመውን ቆራሌ ጠራችው።

ቆራሌው ወንበሩን በኪሎ ነው የገዛው። ልጅቱ ሂሳቡን ተቀብላ ወጥ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። ወንበሩን በደረጃ ለማውረድ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ሾፌሩ እኔ በእግሩ በኩል እይዛለሁ አለ። ቆራሌው አባባ ይተዉ፣ ይከብድዎታል ቢለውም እሺ አላለም። እየወረዱ ሳለ ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ቆም በል አለው። ቆራሌው ደክሞት መስሎት ሁለቱንም ጊዜ ጠበቀው፤ ሾፌሩ ግን የሚለውን አጥቶ እንቀጥል አለው። ጋሪው ላይ ጭነው ሲጨርሱ ሌዘሩን በእጁ ጠረገ አደረገለት፤ ደረጃውንም ብቻውን ተመልሶ ወጣ።

በማግስቱ ወደ ማታ ልጅቱን ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ ወንበሩ በነበረበት ቦታ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኛት። በቀብሩ ቀን እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም፤ ያኔ እሱን ስታጽናና ነው የዋለችው።

"ይሄ ሰውዬ ምን አድርጌው ነው፣ አባዬ?" አለችው። "ያልከፈለኝ ስንቱን አይቻለሁ፤ እንዲህ ያንገበገበኝ የለም። የእማዬን ዕቃ መቀለጃ አደረገው።"

ሾፌሩ ግድግዳውን ተደግፎ አጠገቧ ዝቅ አለና ተቀመጠ።

"አልቀለደም" አላት።

"በምን አወቅህ?"

"ወንበሩን ፈልጎት ነው። አቅሙን ግን አላወቀም። አንቺ በጨመረ ቁጥር ደስ ሲልሽ እየሰማ..."

ልጅቱ ማልቀሷን አቁማ ዞር አለችና አየችው። ስትደሰት በግድግዳው በኩል የሰማት ከአንድ ሰው በቀር እንደሌለ ቀስ ብሎ ገባት።

"ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ" አላት።

የምትጮህበት መስሎት ነበር። እሷ ግን መጮህም አቃታት። ጠይቄህ አልነበር ወይ፣ ለምን አልነገርከኝም አለችው። እሱም ቦታሽን አጣብቤ፣ ክፍልሽን ወስጄ፣ ደግሞ በወንበር ላይ ላስቸግርሽ ወይ አላት።

"የምን ቦታ?" አለች። "ቦታ ስለያዘ ነው የሸጥኩት መሰለህ? አንተ ወደሱ ማየት አቅቶህ ፊትህን እያዞርክ ስታልፍ አንጀቴን እየበላኸኝ ነው እኮ። እማዬ የተሠቃየችበትን ስታይ እንዳያምህ ብዬ ነው። እኔማ አንተ ስትወጣ አንሶላውን ገልጬ እቀመጥበት ነበር።"

ሾፌሩ "እኔም" የሚለውን ቃል ለማውጣት ሞከረ፤ አልወጣለትም። ልጅቱ ግን ከፊቱ አነበበችው። ስልኳን ከወለሉ ላይ ለቀም አድርጋ ለቆራሌው ደወለች፤ አባቷም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። የትናንቱን ወንበር እንዲመልስላት፣ ከሰጣት እጥፍ እንደምትከፍለው እየተጣደፈች ነገረችው።

ቆራሌው ደግ ሰው ነው፤ ከልቡ አዘነላት። ሌዘሩን ገፍፈውት፣ ብረቱን ዛሬ ጠዋት ለሚያቀልጡት ሰዎች አስረክቧል።

"ምነው እህቴ" አላት። "አባባ ደረጃው ላይ አብረውኝ ነበሩ እኮ። አንድ ቃል ቢተነፍሱልኝ እዚያው ትቼላችሁ እሄድ ነበር።"

ልጅቱ ስልኩን ሳትዘጋ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ቆራሌው ከወዲያ "ሃሎ? እህቴ? ሃሎ?" እያለ ነው።