የመምህር ጋሮምሳ ብዕር

አማረች ባጃጁ ውስጥ አንገቷን ሰብራ እንቅልፍ ወስዷት ስለነበር፣ ሾፌሩ "ማዘር፣ ፍራንኮ ደርሰናል" ብሎ ቀሰቀሳት። ስትወርድ የአዳማ ነፋስ አቧራውን አንስቶ ፊቷ ላይ በተነው። እጇን አንስታ ዓይኗን ለመጥረግ እንኳ ታከታት። በዚያ ሰሞን ለራሷ የሚተርፍ ጉልበት አልነበራትም፤ ያለው ሁሉ ለባሏ ነበር የሚወጣው።

ባሏ መምህር ጋሮምሳ ዕድሜውን ሙሉ ሲናገር ኖሮ አምና ስትሮክ መታውና ግራ ጎኑ ሰለለ፤ ምላሱም ታሰረ። አእምሮው እንደ ድሮው ነው፤ ቁጣውም እንደ ድሮው። ቀኝ እጁ ቢተርፍም አቅም ስለሌለው እስክሪብቶ ተጭኖ መጻፍ አይችልም፤ የስልኩንም ፊደል ጣቱ እየተንቀጠቀጠ ይስታል። የቀረችው ከብልቃጥ ቀለም የምትሞላው አሮጌዋ ብዕሩ ናት። እሷ መጫን አትፈልግም፤ ጫፏ ወረቀት ከነካ ቀለሙ ራሱ ይወርዳል። "መስኮቱ ይዘጋ።" "ሽሮው ጨው አንሶታል።" "ሬዲዮውን ከፍ አድርጊው።" ምላስ በነበረው ጊዜ እንኳ እንዲህ አያዝም ነበር። አማረችም አንዳንዴ ብዕሯን ደብቄ ትንሽ ባርፍስ ትል ነበር።

ሳትደብቃት እሷው ገደለቻት። የብልቃጡ ቀለም ሲያልቅ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆችን ብታስስ፣ የብዕር ቀለም የሚባል ነገር ከተረሳ ቆይቷል። በመጨረሻ አንዱ የማኅተም ቀለም ሰጣት። ቀለም ያው ቀለም ነው ብላ ሞላችለት። ጋሮምሳ አንድ ቀን በወይን ጠጅ ቀለም ሲያዛት ዋለ፤ በማግስቱ ብዕሯ ጸጥ አለች።

ጸጥታው ዕረፍት መስሏት ነበር፤ ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ እንጂ። ጋሮምሳ ወንበሩ ላይ ሆኖ በጣቱ አልጋውን ያሳያታል። ደግፋ ስታስተኛው ይቆጣል። መልሳ ወንበሩ ላይ ስታስቀምጠው አሁንም ጣቱ ወደ አልጋው ነው።

"አንሶላው ይቀየር?" ትለዋለች። ራሱን እየነቀነቀ በጭራሽ ይላል። "ትራሱ ነው? ብርድ ልብሱ ነው? ወደ መስኮቱ ላስጠጋልህ?" አይደለም።

ለበሽተኛ ያስፈልጋል የምትለውን ሁሉ ጠይቃ ጨረሰች። በማንሳትና በማስተኛት ወገቧ ተቆርጧል። ሌሊቱን ደግሞ፣ አልጋው ጠባብ ስለሆነ፣ ሥሩ ባነጠፈችው ስስ ፍራሽ ላይ ትንፋሹን እያዳመጠች ነው የምታነጋው። ትናንት ጣቱ አሁንም ወደ አልጋው ሲዘረጋ ትዕግሥቷ አለቀ። "እንግዲህ ምን ላድርግህ!" ብላ ጮኸችበት። በዕድሜዋ ጮኻበት አታውቅም ነበር። እሱም ጣቱን አጥፎ አለቀሰ። ዛሬ ጎረቤቷን ዙለይካን አጠገቡ አስቀምጣ የወጣችው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህች ብዕር ካልተሠራች ከዚህ ሰው ጋር ተኮራርፈን ልንቀበር ነው ብላ ፈርታ።

የስልክ ጥገና ልጆች ብዕሯን እያገላበጡ "ይሄ ሙዚየም ነው የሚገባው" ብለው ወደ ሰዓት ሠሪው ወደ ኡበይደላ መሯት። ሽማግሌው ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ሙቀቱ አድክሞት፣ ክንዱን ተንተርሶ ጋደም ብሎ ነበር፤ ባልና ሚስቱን ከድሮ ያውቃቸዋል።

"አካም ጅርቱ፣ እትዬ አማረች? መምህሩስ እንዴት ሆኑ?"

"ፈያ፣ ደህና ነኝ ጋሼ። እሱም አለ፤ እንደምታውቁት ነው።"

ብዕሯን ተቀብሎ አየና አሸተታት። "ምን ሞላችሁባት?"

"የማኅተም ቀለም።" አማረች አፈረች።

"እሱ ቶሎ እንዳይደርቅ ተብሎ ቅባት ነገር ይገባበታል። ጎማዋን በልቷታል።" ከዚያ በላይ አልወቀሳትም፤ ለመውቀስም ጉልበት ያለው አይመስልም ነበር።

ብዕሯን ለብ ባለ ውሃ ነክሮ አንገቷን በቀስታ ነቀለው። ቀለም ትይዝ የነበረችው የውስጥ ጎማ እንደ ሬንጅ ቀልጣ የብዕሯ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ተለጥፋለች። ጫፉ በታጠፈ ሽቦ ፍቆ ፍቆ አወጣትና ለምትክ የሚሆን ጎማ ከፋርማሲ እንድታመጣ ላካት፤ ከግሉኮስ ቱቦ ጫፍ ላይ ያለችውን ለስላሳዋን። አማረች በዚያ ፀሐይ እግሯን እየጎተተች ሄዳ መጣች። እሱም ጎማዋን በልክ ቆርጦ አንዱን አፏን በትንሽ ዶቃ ደፈነ፤ በክር አሰረ፤ ሌላውን በማስቲሽ ከአንገቷ ጋር አጣበቀ። ማስቲሹ እስኪይዝ ሁለቱም መንገዱን ሲያዩ ቆዩ። አማረች ከብዙ ቀን በኋላ ማንንም ሳታነሳ የተቀመጠችው ያኔ ነበር።

በመጨረሻ ጠያቂ አጥቶ የከረመ ሰማያዊ ቀለም ከመሳቢያው አወጣ። ጫፏን ነክሮ በጎኗ ያለችውን ማንሻ ከፍ ሲያደርጋት ጎማዋ ተጨምቃ አረፋ ተፋች፤ ሲለቃት ቀለሙን መጠጠች። ብልቃጡንም እንዳለ ሰጣት። "ሌላ ነገር እንዳታጠጧት" አላት።

ቤት ስትደርስ ዙለይካን አመስግና ሸኘቻት። ጋሮምሳ ቀና ብሎ አላያትም። የመጻፊያ ሰሌዳውን ጭኑ ላይ አድርጋ፣ ወረቀት አንጥፋ፣ ብዕሯን ጣቶቹ መሃል አስገባችለት። "በል፣ ስደበኝም እንደሆነ ስደበኝ" አለችው።

እጁ ወረቀቱ ላይ ወረደ። "አልጋው" ብሎ ጻፈ። አማረች አሁንም አልጋው ብላ ተነፈሰች፤ ልታነሳውም ጎንበስ አለች። እሱ ግን በክርኑ መለሳትና ቀጠለ።

"አልጋው ላይ አንቺ ተኚ። ወገብሽ አለቀ። እኔ ወንበሩ ይበቃኛል።"

ደጋግማ አነበበችው። ትራሱን፣ አንሶላውን፣ ብርድ ልብሱን ሁሉ ጠይቃዋለች፤ ራሷን ግን ከሚጠየቀው ነገር ውስጥ አላስገባችም። ያ ሁሉ ቁጣ፣ ያ ሁሉ ማንሳትና ማስተኛት ለዚህ ኖሯል።

"ይኼን ልትለኝ ነው?" አለችው። አዎ ሲል ራሱን ነቀነቀ።

ጉልበቷ አልቋል። እንደቆመች አልጋው ላይ ወደቀች። ዓይኗ ሊከደን ሲል ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ስትንቀሳቀስ ሰማች። ጋሮምሳ ሰሌዳውን በጭንቅ ወደ እሷ አዘነበለው።

"ጫማሽን አውልቂ" ይላል።

አወለቀች።