ያልተዞረው ዘንግ

የምግብ መኪናው የምሳ ጥሩምባ ቶራንስ ከተማ ካለው የአውሮፕላን ዕቃ ጥገና ወርክሾፕ ጓሮ ሲጮህ ዴልፊና ኦሮስኮ በእጇ ስስ ቆርቆሮ ይዛ ነበር። ይህን በደንብ ታስታውሳለች። ከዚያ ቀጥሎ የምታስታውሰው ከምሳዋ አረንጓዴ የሳልሳ ስጎ ክርኗ ድረስ ሲንጠባጠብ ነው። በሁለቱ መካከል ቆርቆሮዋን በየት በኩል አዙራ እንደከተተቻት ግን ከጭንቅላቷ ጠፍቷል። መጥፋቱ የታወቃት ከምሳ በኋላ፣ ተቆጣጣሪው ከመደርደሪያው ላይ አንዷን ማሽን በጣቱ ሲመርጥ ነው። የመረጣት የእሷን ነበር።

ማሽኗ የአውሮፕላን ተሳፋሪ የሚተነፍሰውን አየር የምታቀዘቅዝ፣ ባልዲ የምታህል ተርባይን ናት። ዘንጓ በደቂቃ አርባ ሺህ ጊዜ ይዞራል፤ ኩሽኔታው ግን ዘይት የለው፣ ግራሶ የለው፣ ኳስ የለው። ዘንጉን ያቀፉት የፀጉር ውፍረት ያላቸው ቆርቆሮዎች ናቸው፤ ከሥራቸው ሌላ፣ እንደ ቤት ጣሪያ የተሸነሸነ ቆርቆሮ እንደ ስፕሪንግ ይደግፋቸዋል። ዘንጉ ሲነሳ ይፋቃል። ፍጥነት ሲያገኝ አየሩን ጎትቶ ከሥሩ ያስገባና በዚያች አየር ላይ ተንሳፎ፣ ምንም ሳይነካ ይሾራል።

እዚያ ቤት ለአዲስ ሰው ሲያስረዱ «ድመት ናት በላት» ይላሉ። የላይኛዋ ቆርቆሮ አንድ ጫፏ ተበይዷል፣ ሌላው ልቅ ነው። ከተበየደው ወደ ልቁ ስትዳብሳት ዝም ትላለች፤ በግልባጩ ከሄድክባት ትቧጭራለች። ተገልብጣ ከገባች ዘንጉ ልቁን ጫፍ ነክሶ ይጨመድደዋል። ማሽኗ መሬት ላይ ወዲያው ተቆልፋ ብትቆም ዕድል ነው፤ ጥቂት ቀን ታግሳ ሰማይ ላይ የምትቆምም አለች። ስለዚህ ሕግ አላቸው። አንዱ የገጠመውን ሌላው ዘንጉን ማሽኗ ላይ በተሳለው ቀስት አቅጣጫ በእጁ ያዞራል፤ ከዚያ ወረቀቷ ላይ የየራሳቸውን ማህተም ይመታሉ። ለቀላል ጥገና የመጣች ማሽን በዚህች ዙር ብቻ ወደ አውሮፕላኗ ትመለሳለች። ወደ መሞከሪያው ክፍል የምትገባው ተቆጣጣሪ የመረጣት ናት።

«ዶን ኤፍሬን» አለች ዴልፊና፣ አንጋፋው መካኒክ ወዳለበት ወደ መሞከሪያው ክፍል መስኮት ተጠግታ፣ በሹክሹክታ።

«አቤት ልጄ። ምነው፣ ሬሳ ያየሽ መሰልሽሳ?»

«ያቺን ማሽን... ቅድም ሲያዞሯት ለስላሳ ነበረች?»

ሽማግሌው የጆሮ መከላከያውን ከአንድ ጆሮው ላይ ገፋ አደረገ። «ማን አዞራት?»

«እርስዎ ነዎታ! ወረቀቷ ላይ ማህተምዎ አለ።»

«ማህተሜማ አለ። አንቺ የገጠምሽውን ምን ብዬ አዞራለሁ? እኔ የማዞረው የዊልበርን ነው። የዊልበርን እንዲያውም ሁለቴ ነው የማዞረው።»

«ሰምቻለሁ!» አለ ባልደረባቸው ዊልበር ከወዲያኛው ጠረጴዛ።

«እንድትሰማ ነው የተናገርኩት!»

ዴልፊና አልሳቀችም። ከኤፍሬን ጀርባ ከአየር መንገዱ የመጣው ተቆጣጣሪ፣ ሚስተር ኡልሪክ፣ ብዕሩን ከፍቶ ተቀምጧል። ብትናገር ሁለት ማህተም፣ ከነሥራ ፈቃዱ፣ ይነጠቃል፤ የሷም፣ እንደ ልጁ የሚያያት የዚህ ሰውዬም። ዝም ብትል ደግሞ ምናልባት ደህና ናት። ምናልባት።

«እንጀምር» አለ ኡልሪክ።

ኤፍሬን የአየሩን መክፈቻ ያዘ። አየሩ ቱቦው ውስጥ ፉጨት ጀመረ።

«አቁሙ!»

የገዛ ድምጿ አይጥ የረገጠች ሰው ድምፅ መሰላት። ኤፍሬን ዘጋው። «ልጄ፣ አፍሽን ያዢ» አለ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

«በእጅ ያዞራት ሰው የለም» አለች ዴልፊና። «እኔም ቆርቆሮዋን እንዴት እንዳስገባኋት አላስታውስም።»

ኡልሪክ ለረጅም ጊዜ ማህተሞቹን አየ። «እንግዲያው አሁን ትዙር።»

ኤፍሬን በሁለት ጣቱ ዘንጉን ያዘ። ዴልፊና ዓይኗን ጨፈነች። አንድ ዙር። ሁለት። ሦስት። ምንም አልነከሰም። አየሩ ተለቀቀ፤ ዘንጉ ክርርር አለ፣ ከዚያ ፍቀቱ ተቆረጠና ጥርት ያለ ፉጨት ብቻ ቀረ። ተንሳፏል። አየሩ ሲዘጋም ለመቆም አልቸኮለም።

ዊልበር አጨበጨበ። ዴልፊና በእንባና በሳቅ መሃል ሆና ግድግዳ ተደገፈች።

«አላልኩሽም?» አለ ኤፍሬን።

ኡልሪክ አላጨበጨበም፤ ወደ ኤፍሬን ዞረ። «ሚስተር ሳልሴዶ፣ እሷ ከገጠመቻቸው ሳያዞሩ ማህተም ያደረጉባቸው ስንት ናቸው?»

«የእሷን?» ኤፍሬን ዴልፊናን አያት፣ መልሱ እሷ ጋ ያለ ይመስል። «ሁሉንም ነዋ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከገባች። አራት ዓመት።»

ኡልሪክ እሷ ገጥማቸው ወደ አየር መንገዱ የተመለሱትን ማሽኖች ቁጥር ዝርዝር አስወጥቶ ለዴልፊና ሰጣት። ስልሳ አንድ ናቸው። «ሚስ ኦሮስኮ፣ እጅዎ ምን እንደሠራ እርግጠኛ የሆኑበት ላይ ምልክት ያድርጉ። የቀረው ከአውሮፕላን ላይ ይወርዳል።»

የመጀመሪያውን ቁጥር አነበበች። ሁለተኛውን። ስለ አንዱም ትዝ የሚላት ነገር የለም፤ ቀን አልነበረም፣ ቆርቆሮ አልነበረም፣ ቁጥር ብቻ ነው።

ኤፍሬን ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። «ሁሉንም ምልክት አድርጊ። እጅሽን እኔ አውቀዋለሁ።»

«እኔ አላውቀውም፣ ዶን ኤፍሬን።»

ወረቀቱን ምንም ምልክት ሳታደርግበት ለኡልሪክ መለሰችለት። ኡልሪክ አልተደነቀም፤ ስልኩን አውጥቶ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበበ፣ ከዚያም ጠየቀ፦

«ከነዚህ ውስጥ አሁን አየር ላይ ያሉት ስንት ናቸው?»

ከስልኩ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ቆይ ልይ አለው። ዊልበር ጥግ ላይ የሚያጓራውን የአየር ኮምፕረሰር አጠፋ፣ ሁሉም መልሱን እንዲሰማ።