የአንዲት «አ» ጥፋት

አንተ አንባቢ፣ በአንዲት ፊደል ታስረህ ታውቃለህ? ሳቅህ አይደል? ሳቅ። ፕሮፌሰር አምለሰት ግን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «አ» በምትባል ፊደል ታስረው ኖረዋል፤ ቁልፉም በገዛ እጃቸው ነበር።

የሚኖሩት ካራ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጉልበታቸው ደረጃውን እምቢ ካለ ወዲህ ዓለም ማለት በመስኮት የሚታየው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ብቻ ሆኗል።

ስማቸውን ያገኙት እዚያው ጋራ ላይ ነው። በወጣትነታቸው፣ የኅብረተሰብ ጥናት ተመራማሪ ሳሉ፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጀምረው ያቋረጡ ሰዎች የት እንደገቡ ለማወቅ፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ከጸበልተኞች ጋር በአንዲት የጭቃ ክፍል ሰባት ወር ተቀመጡ። ሐኪሞቹ ተሳለቁባቸው። «መርፌ መውጋት የማትችል ሴት ስለ በሽታ ምን ታውቃለች? የሐሜት ዶክተር!» አሉ። እሳቸው ግን ማንም ያልጠየቀውን «ለምን ተውከው?» የሚለውን ጥያቄ ከቤት ቤት ይዘው ዞሩ። በመጨረሻም ለጤና ጣቢያዎች መመሪያ ጻፉ፦ መድኃኒት ያቋረጠ ሰው «ጠፊ» ይባል፤ የጠፋ ሰው ይፈለጋልና።

ታይፒስቷ «ጠፊ» የሚለው ቃል እንግዳ ሆነባት። ከፊቱ «አ» ጨመረችበት፣ «ጠ»ንም «ጥ» አደረገችው፤ «አጥፊ» ሆነ። ማረሟ ነበር! አምለሰት አውሮፕላን ሊያመልጣቸው ሲል ሳያነቡ ፈረሙ። ስህተቱን ያዩት ከአራት ዓመት በኋላ፣ በመመሪያው ከተሸለሙ ወዲያ ነው። ለተማሪያቸው ለሕሩይ ብቻ ነገሩት።

«በሚቀጥለው እትም እናርመዋለን» አለ።

አራት እትም ወጣ። ሕሩይም የጤና ቢሮ ኃላፊ ሆነ። እሳቸው ዝም ባሉ ቁጥር ቃሉ እየፈረጠመ ሄዶ አንቀጽ ወለደ፦ «አጥፊ ሕክምናውን እንደገና ለመጀመር ዋስ ያቀርባል።» ለሳል ዋስ!

ባለፈው ማክሰኞ የሕንፃውን ደረጃ የምታጸዳው ለሊሴ አንኳኳች። ሕንፃው የቆመው አባቷ ጤፍ ይዘሩበት በነበረው ማሳ ላይ ነው። አፏን በሻሿ ሸፍና አሳለችና ካርድ አወጣች።

«እማማ፣ ይቺን ያንብቡልኝ። እኔ የተማርኩት በቁቤ ነው፤ የእናንተ ፊደል እግሩ ብዙ ነው።»

ካርዱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አጥፊ» ተብሎ ተጽፏል።

«መድኃኒቱን ለምን ተውሽው?»

«መቼ ተውኩት? እነሱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይከፍታሉ፤ ‹ፊታችን ዋጪ› ይላሉ። እኔ ደግሞ በአንድ ሰዓት ደረጃው ላይ ካልተገኘሁ ሌላ ሰው ይተኩብኛል። ስድስት ሳምንት ቀረሁ። አሁን ብመለስ ዋስ አምጪ አሉኝ። ምን ሰረቅኩ፣ እማማ? ምን ይላል?»

«‹ጠፊ› ነው የሚለው» ብለው ዋሹ።

ለሊሴ ከሳሏ ጋር እየታገለች ሳቀች። «ወይ ጉድ! በአባቴ ማሳ ላይ ቆሜ ነው የጠፋሁት?»

«ዋስ እኔ እሆንሻለሁ።»

«እኔስ እርስዎን አገኘሁ። ከኋላዬ የተሰለፉትስ?»

እሷ እንደወጣች ለሕሩይ ደወሉ።

«እናታችን! እኔም ልደውልልዎ ነበር። ቅዳሜ የቢሯችንን አዳራሽ በስምዎ እንሰይማለን። አራት ጎረምሳ ልኬ ከነወንበርዎ አስወርድዎታለሁ።»

«ያን አንቀጽ አንሳው፣ ሕሩይ።»

ሕሩይ ድምፁን አለሰለሰ። «እናታችን፣ የፈረሙት እኮ እርስዎ ነዎት። ስህተት ነው ካልን መጀመሪያ የሚወድቀው የእርስዎ ስም ነው። እኔ የምጠብቀው እርስዎን ነው።»

ስልኩን ዘጉ። እንዲህ ያለውን ጠባቂ የእስር ቤት ዘበኛ ነው የሚሉት።

ቅዳሜ በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው አወረዷቸው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ለሊሴ መጥረጊያዋን ይዛ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ አሳለፈቻቸው፤ ሳሏ ግን እስከ ምድር ቤት ተከተላቸው።

በአዳራሹ ካባ ደረቡላቸው። ካባው ከበዳቸው። ግድግዳው ላይ የሰቀሉትን የወጣትነት ፎቷቸውን ሲያዩ በቁማቸው የተቀበሩ መሰላቸው። ሕሩይ ማይክና በታይፕ የተጻፈ የምስጋና ቃል አቀበላቸው። የዛሬውን ግን በልባቸው አነበቡት። አንብበውም አጥፈው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«መመሪያው ላይ ‹አጥፊ› የሚለው ቃል ስህተት ነው። እኔ ያልኩት ‹ጠፊ› ነበር። ሳላነብ ፈረምኩ። ካወቅሁ በኋላ ደግሞ ሃያ አምስት ዓመት ስሜን ብዬ ዝም አልኩ፤ የባሰው ይሄኛው ነው። አዳራሹን በስሜ አትሰይሙት። አጥፊ የምትፈልጉ ከሆነ ይኸው፣ እኔ አለሁ፤ በቀይ ጻፉኝ።»

ሕሩይ ፈገግ እንዳለ ለማይኩ እጁን ዘረጋ። «እናታችን ደክሟቸዋል...»

«አልደከመኝም! እናትህም አይደለሁም። መምህርህ ነኝ፤ ጥያቄም እየጠየቅኩህ ነው። ስሟን የማልነግርህ አንዲት ሴት አሁን በዚህ ሰዓት እያሳለች ደረጃ ትጠርጋለች። የቃሉን ስህተት አንተም እንደ እኔ ታውቀው ነበር። ሰኞ ጠዋት እሷም፣ ከኋላዋ የተሰለፉትም፣ መድኃኒታቸውን ያለ ዋስ ያገኛሉ ወይስ አያገኙም? ቢሮ እንነጋገር እንዳትለኝ። ይኸው ማይኩ። ተቀበለኝና ሰው ሁሉ እየሰማህ መልስ!»