የስድስት ወሩ ሊግ

የአውራጃው ካድሬ አምሀ መምህር የሺጥላን ቢሮው አስጠርቶ የጅጅጋን የእግር ኳስ ሊግ ታሪክ እንዲጽፍ ያዘዘው በ1972 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው። ለአብዮት በዓል በሚወጣው መጽሔት አሥር ገጽ ተሰጥቶታል። የሺጥላ የስፖርት መምህር ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ ሲሆን ጅጅጋ ከተመደበ ዘጠኝ ዓመት፣ የሊጉ ጸሐፊ ከሆነ አምስት ዓመት አልፎታል።

"ማን እንደመሠረተው፣ ማን ዋንጫ እንዳነሳ፣ ሁሉንም ጻፍ" አለው አምሀ። "የቡድኖቹን የድሮ ስም ግን ተወው። ደበይል ምናምን የሚባል የለም፤ ሠርቶ አደር ነው። 1970ን ደግሞ ሊግ አልተካሄደም ብለህ እለፈው። ጠላት ከተማዋን ይዞ ሕዝቡ ኳስ የሚጫወትበት ልብ ከየት ያመጣል?"

"ጭራሽ አልነበረም?" አለ የሺጥላ፤ አፉ ቀደመው።

አምሀ እስክሪብቶውን አስቀመጠና አየው። "ነበር እንዴ?"

"እኔ ሐረር ነበርኩ ጓድ። አላውቅም።"

"እንግዲያው አልነበረም።"

እውነትም አያውቅም። የሶማሊያ ጦር ጅጅጋን በያዘ ሰሞን የሺጥላ ባቢሌ ድረስ በእግሩ ሸሽቶ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ሐረር ገብቶ፣ የተመለሰው በዓመቱ ነው። ጦሩ ከተማዋን ይዞ የቆየባቸውን ስድስት ወራት ማንም አያነሳቸውም። "የት ነበርክ?" ቢባል አንዱ ታምሜ ነበር ይላል፤ ሌላው ገጠር ዘመድ ጋ ነበርኩ ይላል። የቀረም የሸሸም እኩል ይጠረጠር ነበር፤ የቀረው ለምን ቀረህ፣ የሸሸው ማን ነግሮህ ሸሸህ እየተባለ።

በሦስተኛው ቀን የቢሮው ታይፒስት ኬሪያ አንድ ፖስታ ሰጠችው።

"ማን አመጣው?"

"እኔ እንጃ ጋሼ። ከምሳ ስመለስ በሩ ሥር ወድቆ አገኘሁት።"

ፖስታው አልታሸገም። ውስጡ አንድ ፎቶ አለ። አሥራ አንድ ተጫዋቾች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ መሐላቸው የሶማሊያ ጦር መኮንን ዋንጫ ይዞ ቆሟል። የሺጥላ ስምንቱን ልጆች በመልክ ለየ። ከስምንቱ አምስቱ በመጪው እሑድ ለዘንድሮው ሊግ ፍጻሜ ጨዋታ ይሰለፋሉ። ከዳር የቆመው የደበይል፣ የዛሬው ሠርቶ አደር፣ አምበል ዳሂር ነው። ከጀርባው ቀንና ውጤት ተጽፎበታል፦ አራት ቡድን፣ ስድስት ጨዋታ፣ ጥር 1970።

ሊግ ነበረ ማለት ነው።

ቀና ሲል ኬሪያ እያየችው ነው። ፎቶውን ቶሎ ብሎ ወደ ፖስታው መለሰ።

"ምንድን ነው ጋሼ?"

"የዳኞች አቤቱታ።"

ሳቅ አለች። ሳቋን ወደ ቤቱ ይዞት ሄደ። ምን ያስቃታል? ፖስታው ሳይታሸግ ነው የደረሳት፤ አይታው ይሆን? እሷ የምትጽፈው ለእሱ ብቻ አይደለም፤ የአምሀንም ደብዳቤ የምትመታው እሷው ናት። ወይስ ላኪው ራሱ አምሀ ይሆን? "ነበር እንዴ?" ያለው ድምፅ እስካሁን ጆሮው ውስጥ አለ። ፈተና ከሆነ ፎቶውን ይዞ ዝም ያለ ሰው ያለቀለት ነው። ፈተና ካልሆነ ደግሞ ወስዶ ማስረከብ ስምንት ልጆችን በእጁ አስሮ እንደመስጠት ነው። የአሮጌ ኳስ ቆዳ ተርትሮ ፎቶውን ውስጡ ከተተና መልሶ ሰፋው። እንቅልፍ ግን አልወሰደውም።

በማግስቱ አምሀ ኮሪደር ላይ አገኘው። "ታሪኩ እንዴት ነው? ሰነድ ቢጤ ከእጅህ ከገባ አምጣና አብረን እናየዋለን።" ሰነድ የሚለው ቃል የሺጥላን ወጋው። ከዚያ በኋላ ሰላም ያለውን ሁሉ መጠርጠር ጀመረ። በፍጻሜው ሠርቶ አደርን የሚገጥመው የመንግሥት ጦሩ ቡድን አሠልጣኝ ሻይ ቢጋብዘው ከፍጻሜው በፊት ተጋጣሚዎቹን ሊያሳስር ነው አለ። ዳሂር ከመንገድ ማዶ እጁን ቢያወዛውዝለት፣ ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው የሚስቅልኝ አለ። መቼም ሰው የገዛ ራሱን ገመድ አይልክም። ግን ደግሞ መምህሩ ወዴት ያደላ እንደሆነ ልየው ብሎ ቢሆንስ?

ዓርብ ከሰዓት አላስችል አለውና ዳሂር የብየዳ ሥራ ወደሚሠራበት ግቢ ሄደ። ዳሂር ተንበርክኮ የውሃ በርሜል እየበየደ ነበር።

"ስለ ድሮ ጨዋታ እየጻፍኩ ነው" አለ የሺጥላ።

"ሰምቻለሁ ማዓሊም።" በሶማልኛ መምህር ማለቱ ነው፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው የሚጠራው።

"የድሮ ፎቶ ይኖርህ ይሆን?"

"የመቼ?"

"የ1970።"

ዳሂር እሳቱን አጠፋ። መነጽሩን አውልቆ በመጀመሪያ በሩን፣ ቀጥሎ የሺጥላን አየ። "ማን ጠየቀ?"

"ማንም። እኔ ነኝ።" የሺጥላ ዓይኑን ከልጁ ፊት አልነቀለም። ይደነግጥ እንደሆነ ለማየት ቃሉን መርጦ ወረወረ፦ "የዚያን ዓመት ፎቶ ላይ ያለ ሰው ጅጅጋ ተዝናንቶ መቀመጡ ለራሱም ደግ አይመስለኝም።"

ዳሂር መነጽሩን በርሜሉ ላይ አስቀመጠ። "ገባኝ ማዓሊም" አለ። "ገባኝ።"

የሺጥላ ከግቢው ሲወጣ፣ ከገባውማ ያውቃል፣ ካወቀ ደግሞ የላከው እሱ ነው፣ እያለ ነበር።

እሑድ ሠርቶ አደር ሜዳ የገባው በስምንት ሰው ነው። ዳሂርና ፎቶው ላይ የነበሩ ሁለት ጓደኞቹ የሉም። የጦሩ ቡድን ሰባት ለባዶ አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ ነፋሱ አቧራውን እያነሳ ተመልካቹን ጨዋታው ሳያልቅ በተነው። ማታውኑ ልጆቹ በአውበሬ በኩል ድንበር ተሻግረው ሐርጌሳ ገቡ የሚል ወሬ ተሰማ። ሰኞ ጠዋት የዳሂር ታላቅ ወንድም፣ ጨርቅ ሻጩ ሮብሌ፣ ከሱቁ ተወሰደ። ወንድምህን አሸሽተሃል ተብሎ ስምንት ወር ታሰረ።

አምሀ የተጫዋቾቹን መዝገብ አስመጣ። "ሰርዘው" አለ። የሺጥላ ማስመሪያ አስቀምጦ ሦስቱንም ስም ሰረዘ። ልጁ መሸሹ ጥርጣሬዬ ትክክል እንደነበር ያሳያል ብሎ ራሱን አሳምኖ ነበር።

ያ ማሳመኛ የቆየው ሁለት ሳምንት ነው። አንድ ከሰዓት ሽማግሌው ፎቶ አንሺ ጃማ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቁት። ፎቶ ቤታቸውን ዘግተው ድሬዳዋ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው።

"ፖስታው ደረሰህ ወይ መምህር?"

የሺጥላ ግራና ቀኙን አየ። "እርስዎ ነዎት?"

"ሌላ ማን አለው? ያነሳሁት እኔ ነኝ። ልጆቹ ተጫወቱ ተብለው ታዘዙ፣ ተጫወቱ። እንቢ ማለት ይቻል ነበር? ግን ሲጫወቱ ማየት ነበረብህ፤ እንደዚያ ዓመት ኳስ ተጫውተው አያውቁም። ልቅደደው አልኩና አሳዘነኝ። ታሪክ ይጽፋል ሲሉኝ ከአንተ ጋር ይሁን ብዬ ነው።"

"ታዲያ ለምን በእጄ አልሰጡኝም አባቴ?"

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። "ጥሩ ሰው ነው ይሉሃል" አሉ። "ግን ፈራሁህ።"

መጽሔቱ በመስከረም ወጣ። በአሥሩ ገጽ ላይ የ1970 ድርሻ አንድ መስመር ነበር፦ በዚህ ዓመት ሊግ አልተካሄደም።

ስምንት ዓመት አለፈ። አምሀ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረ። በ1980 ክረምት መግቢያ ላይ ሐርጌሳ በገዛ መንግሥቷ ቦምብ ስትደበደብ ሕዝቡ በእግሩ፣ በአህያ፣ በተገኘው ሁሉ ድንበር እያቋረጠ አውበሬ ፈሰሰ። ስደተኛ የሚመዘግቡ መምህራን ተላኩ፤ የሺጥላም አንዱ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ጠረጴዛው ፊት አንድ ጢሙ የሸበተ ሰው ቆመ። "ስም?" አለ የሺጥላ ቀና ሳይል።

"ማዓሊም!"

ዳሂር ነው። ጠረጴዛውን ዞሮ መጥቶ አቀፈው፤ ከዚያ ሕፃን ወዳዘለችው ሚስቱ ወደ ሆዶ ዞረ። "ሆዶ! ያ የነገርኩሽ ሰው! ሕይወቴን ያተረፈው መምህር!" ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "ማዓሊም፣ በየሶላቱ ዱዓ አደርግልሃለሁ። ለሌላ ሰው ራስህን አደጋ ላይ ጥለህ ግቢዬ ድረስ መጥተህ ባታስጠነቅቀኝ ኖሮ አልቆልኝ ነበር።"

የሺጥላ መዝገቡን ገልጦ ስማቸውን ጻፈ። እውነቱን ያን ቀን አልነገረውም፣ በማግስቱም አልነገረውም። ብርድ ልብስ ወሰደላቸው፤ ለሕፃኑ ወተት ፈልጎ ገዛ። ሆዶ ባየችው ቁጥር በሁለት እጇ ደረቷን ይዛ ትመርቀዋለች። ምርቃቱ እየቆየ አቃጠለው። በአራተኛው ቀን ዳሂርን ከድንኳኑ ራቅ አድርጎ ወሰደው።

"አላስጠነቀቅኩህም" አለው።

"ምን?"

"ያን ቀን የመጣሁት የ1970ን ፎቶ የላክልኝ አንተ ነህ ብዬ ጠርጥሬህ ነው። ፊትህን ለማየት ነው የመጣሁት። ስትሸሽ ደግሞ ስምህን በእጄ ሰረዝኩ።"

ዳሂር ይቀልድ እንደሆነ ፈገግ ብሎ ጠበቀ። ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊቱ ጠፋ። ጠጠር አንስቶ በመዳፉ ሲያገላብጥ ቆየ።

"እኔ ወጣሁ" አለ። "የሚያስጠነቅቀኝ ሰው ነበረኝ ብዬ ስምንት ዓመት ደስ ብሎኝ ኖርኩ። የታሰረው ሮብሌ ነው። ይህን የምትነግረው ለእኔ አይደለም።"

የሺጥላ በዚያው ከሰዓት በእህል መኪና ጅጅጋ ገባ። ሮብሌ ሱቁ ውስጥ ሽርጥ እያጠፈ ነበር። የሺጥላ ሳይቀመጥ፣ ምንም ሳያስቀር ነገረው፤ ፖስታውን፣ ብየዳ ቤቱን፣ ማስመሪያውን። ሮብሌ ማጠፉን አላቆመም። ሲጨርስ የመጨረሻውን ሽርጥ ክምሩ ላይ አኑሮ እጁን ጫነበት።

"እኔም እንዳንተው ያለ ማስረጃ ጠርጥሬያለሁ፤ ጎረቤቴን ሀይቤን" አለ። "ወንድሜ የሄደ ማታ በሩ ላይ ቆሞ አይቶት ነበርና፣ ወንድሙን አሸሸ ብሎ ያሳሰረኝ እሱ ነው አልኩ። ስምንት ዓመት ሰላም አላልኩትም። ልጁን ሲድር ጠራኝ፤ አልሄድኩም። ባለፈው ረመዳን ሞተ፤ ቀብሩም ላይ አልቆምኩም።"

የሱቁን በር ገፋ አድርጎ ከፈተና ወደ ውጭ አመለከተ። "የሀይቤ ሚስት ዑባህ ያቺ ናት፣ ቲማቲም የምትሸጠው። ና፣ አብረን እንሂድ። እኔ ብቻዬን አልችልም።"