የሰጠኝ አሮጌ ደብተር

እናኑ በወረታ ከተማ አዳራሽ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ ከሜዳው የሚመጣውን መንገድ ስታይ ዓይኗ ቀላ። የማሳ አዋሳኟ አበረ ቃል ገብቶላት ነበር። «ደብተሬን ይዤ በጠዋት ከች ነው» ብሎ በእመቤታችን ምሎላታል። ይኸው ረፋዱ አለፈ፣ አበረ ግን የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በነሐሴ የርብ ወንዝ ሞልቶ ቤቷ ሲገባ ሳጥኗን ከነመሬት ደብተሯ ጠራርጎ ወሰደው። የቀበሌው መዝገብ አለልኝ ብላ ተጽናናች። በጥቅምት ሄዳ ብታስነብብ፣ በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ድልድል የደረሳት፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ያረሰችው ሁለት ቃዳ፣ ግማሽ ሄክታር የሚሆን፣ የሩዝ መሬት በሰጠኝ ስም ሆኖ ቆያት። ሰጠኝ ዋርሳዋ ነው፤ የሟች ባሏ ወንድም። የመዝገቡን ገጽ ማን እንደለወጠለት እግዜር ይወቅ፤ ጸሐፊው ግን ከዚያ ወዲህ እናኑን ቀና ብሎ አያያትም።

ዛሬ፣ በጥር 2010፣ የባሰው ቀን መጣ። ከአዲስ አበባ ባለሙያዎች ብሎክቼይን የሚሉትን አዲስ አመዘጋገብ ሊሞክሩ መጥተዋል። ባለሙያዋ ቢታንያ ጠዋት ለሕዝቡ አስረድታለች፤ አንድ መሬት አንዴ ሲገባ ቅጂው ብዙ ቦታ ይቀመጣል፣ ከሌሎቹ መዝገቦች ጋር ይቆላለፋል፣ ከዚያ ወዲያ ማንም ተደብቆ አይፍቀውም። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እናኑ ግን አላጨበጨበችም። ውሸቱም አብሮ ሊቆለፍ ነው።

«አቶ ሰጠኝ!» የሚል ጥሪ ከውስጥ ተሰማ።

እናኑ ተንደርድራ ገባች። ሰጠኝ ጋቢውን አጣፍቶ ሁለት ደብተር ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ አንዱ ትናንት የወጣ የሚመስል አዲስ፣ ሌላው የራሱ ማሳ ደብተር፣ ጠርዙ የተበላ አሮጌ።

«ልጄ፣ እንዳታስገቢው! በአዲሱ ደብተር ያለው የኔ መሬት ነው!» አለች እናኑ ለቢታንያ።

«ማስረጃ አለዎት እማማ?» አለች ቢታንያ። «መዝገቡም ደብተሩም የሳቸው ነው ይላሉ። የሚመሰክርልዎት አዋሳኝ ካለ አሁኑኑ ያምጡ። አንዴ ካስገባሁት እኔም ልሰርዘው አልችልም።»

«አዋሳኟ አበረ ነው። እሱም ቀረባት» አለ ሰጠኝ እየሳቀ።

አበረ ለምን እንደቀረ ያን ጊዜ ገባት። የበጋ ሽንኩርቱን የሚያጠጣው በሰጠኝ ፓምፕ ነው።

እናኑ መሬቷን በሐሳቧ ዞረችው። በሰሜን ርብ፣ በደቡብ መንገዱ፤ እነዚህ አፍ የላቸውም። በምዕራብ አበረ። በምሥራቅ... ሰጠኝ ራሱ። ደብተር ሊሰጥ መሬቱ የተለካበት ቀን ድንገት ትዝ አላት። የመሬት ኮሚቴው ሰዎች ገመድ እየጎተቱ በየማሳው ዳር ይቆሙና፣ የአዋሳኙን ስም ጮክ ብለው እየጠሩ በባለቤቱ ደብተር ያሰፍሩ ነበር። በሰጠኝ ማሳ ዳር ቆመው የእሷን ስም ሲጠሩ «አቤት» ብላለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ የሰማችውን ግን አትረሳም።

«ሰጠኝ» አለች እንባዋን ውጣ። «አሮጌው ደብተርህስ ልክ ነው?»

«ማህተሙን አታዪም እንዴ? ፊደል በፊደል ልክ ነው!»

«እንግዲያው ልጄ፣ እሱን አንብቢልኝ። በምዕራብ ማን ይላል?»

የሰጠኝ ፊት ተለዋወጠ። እጁን ሰደደ፤ ቢታንያ ግን ቀደመችው። ደብተሩን ገልጣ መስመሩን በጣቷ ተከተለች።

«ይሄ... ስህተት ነው» አለ ሰጠኝ።

«አሁን ፊደል በፊደል ልክ ነው ብለዋል፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል።» ቢታንያ አዲሱን ደብተር ከፊቷ ገፍታ አሮጌውን ከፍ አድርጋ ያዘችና ለሁሉም እንዲሰማ አነበበች። «በምዕራብ፣ ወይዘሮ እናኑ ደረሰ!»

«አቤት!» አለች እናኑ።